«ክላሲካል ሥልጣኔ ከዘመናዊ ቋንቋ ጋር» የሚባለው ትምህርት ምንድን ነው? ለሰሜን ሸዋ ተማሪና ወላጅ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን፣ ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ወላጅ የሚያውቃቸው ስሞች ሕክምና፣ ኢንጂነሪንግ፣ ሕግና አካውንቲንግ ናቸው። ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ውስጥ «ክላሲካል ሥልጣኔና ዘመናዊ ቋንቋዎች» የሚል ነገር መርጦ የመጣ ልጅ ቤቱን ግራ ያጋባል። አባት «ተመርቀህ ምን ልትሠራ ነው?» ይላል፤ እናት «ቄስ ልትሆን ነው እንዴ ልጄ?» ትላለች፤ ልጁም ራሱ አፍታቶ ለመናገር ይቸገራል።

ትምህርቱ ግን ሲያዩት እንደሚያስፈራው አይደለም። ከቅኔ ቤት አጥር አጠገብ ላደገ የመንዝ ወይም የተጉለት ልጅ ደግሞ ከሚገምተው በላይ ቅርቡ ነው።

ክላሲካል ሥልጣኔ የማን ሥልጣኔ ነው?

በምዕራባውያን ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ «ክላሲካል» የሚባለው የጥንታዊ ግሪክና የጥንታዊ ሮም ዘመን ነው። በግምት የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ የሆሜር ግጥሞች ቅርጽ ከያዙበት ከ8ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ የምዕራቡ የሮም መንግሥት እስከ ወደቀበት እስከ 476 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ቻይናም፣ ሕንድም፣ አክሱምም የየራሳቸው ጥንታዊ ሥልጣኔ እያላቸው ስሙን ግሪክና ሮም ብቻቸውን መያዛቸው ዛሬ መምህራኑን ራሳቸውን ያከራክራል። ለጊዜው ግን ስሙን ዝርዝር ላይ ያየ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ነው፦ የአቴንስን ጉባኤ፣ የሮምን ሕግ፣ ቴአትሩን፣ ቤተ መቅደሱን፣ የባሪያውንና የሴቲቱን ኑሮ፣ የቀብሩን ሥርዓት።

እዚህ ላይ ሁለት ስሞች ይምታታሉ። «ክላሲክስ» የሚባለው ትምህርት ላቲንና ጥንታዊ ግሪክኛ አጥንቶ መጻሕፍቱን በተጻፉበት ቋንቋ ማንበብ ይጠይቃል። «ክላሲካል ሥልጣኔ»፣ በአንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «ክላሲካል ጥናት»፣ የሚባለው ግን መጻሕፍቱን በትርጉም ያነባል። ላቲን ወይም ግሪክኛ ከፊደል ጀምሮ መማር ለፈለገ ብዙ ጊዜ በሩ ክፍት ነው፤ የሚያስገድደው ግን የለም። ስለዚህ «ማንም የማይናገረውን ቋንቋ ሊሸመድድ ነው» ብሎ ለሚሰጋ ወላጅ መልሱ፣ በዚህ ዘርፍ ተማሪው የሚሸመድደው ቋንቋ ሕያው የሆነውን ነው፦ ፈረንሳይኛን፣ ጀርመንኛን፣ ጣሊያንኛን ወይም ስፓኒሽን።

ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው የነገሥታት ስምና ዓመተ ምሕረት ማነብነብ ይመስለዋል። አንድ ትምህርት ቀረብ ብለን እንይ።

በ430 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አቴንስ ከሌላዋ የግሪክ ከተማ ከስፓርታ ጋር በምትዋጋበት ወቅት ከተማዋን ወረርሽኝ መታት። ቱሲዳይደስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ራሱ ታሞ የተረፈ ሰው ስለነበረ ያየውን ጻፈ። የራስ ትኩሳቱን፣ የዓይን መቅላቱን፣ ውሃ የማይቆርጠውን ጥም፣ በሽተኞች ጥሙ ሲብስባቸው ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገቡ እንደነበር፣ ሬሳ በቤተ መቅደስ ሳይቀር መከመሩን፣ ሰው ነገን ማሰብ ሲያቆም ሕግ መፍራቱንም እንዳቆመ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከዚያ በኋላ ሃያ አራት መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። በ1990ዎቹ አጋማሽ («ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አቴንስ ለምድር ባቡር ስትቆፈር ኬራሜይኮስ በሚባለው የጥንት መቃብር ሥፍራ አንድ የጅምላ ጉድጓድ ተገኘ። አስከሬኖቹ በወግ የተቀበሩ አልነበሩም፤ በተለይ ከላይ ያሉት እንደ ነገሩ የተጣሉ ነበሩ፤ አብሯቸው የተቀበረው ዕቃም ትንሽ ነው።

ተማሪው የሚሰጠው ሁለቱም ነው፤ ጽሑፉም፣ የቁፋሮው ዘገባም። መምህሩ ይጠይቃል፦ ጸሐፊው ለማን ነው የሚጽፈው? የከተማዋን ምግባር መበላሸት አጉልቶ ለመንገር ምን ምክንያት አለው? አጥንቱ ቃሉን የሚደግፈው የት ላይ ነው፣ ዝም የሚለውስ የት ላይ? መልሱ ተሸምድዶ አይመጣም፤ ሁለት ሺህ ቃል ያህል ጽሑፍ ሆኖ፣ ማስረጃው ተቆጥሮ ይቀርባል። በ1911 ዓ.ም. አገራችንን ስለፈጀው የኅዳር በሽታ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወሬ የሰማ፣ ኅዳር 12 ቀን የሰፈሩን ቆሻሻ ሰብስቦ ሲያጥን ያደገ ልጅ ጥያቄው ባዕድ አይሆንበትም። የሰው ትዝታ ምን ይይዛል፣ ምን ይጥላል የሚለውን ከቤቱ ያውቀዋል።

ሁለቱ ትምህርቶች እንዴት ይጣመራሉ?

እንዲህ ያለው ዲግሪ በብሪታንያ «ጆይንት ኦነርስ» ይባላል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች «ሜጀር» እና «ማይነር» ሲባል ከኖረው የሚለየው፣ ሁለቱም ዋና በመሆናቸው ነው። በብሪታንያ አሠራር አንድ የትምህርት ዓመት 120 ክሬዲት ይይዛል፤ ጥምር ዲግሪ ከሆነ በአብዛኛው 60 ለሥልጣኔው፣ 60 ለቋንቋው ይመደባል። የሦስት ዓመቱ ዲግሪ 360 ክሬዲት ነው። በአውሮፓ አኅጉር የሚሠራበት ሥርዓት ደግሞ ዓመቱን 60 ነጥብ ብሎ ስለሚቆጥረው፣ ሁለት የብሪታንያ ክሬዲት እንደ አንድ የአውሮፓ ነጥብ ይታሰባል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ሁለት ፕሮግራም ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያወዳድር ሰው ነው፤ 180 ከ360 ያነሰ መስሎት የሚታለል አይጠፋም።

የዲግሪው ስም ራሱ አከፋፈሉን ይናገራል። «ክላሲካል ሥልጣኔ እና ፈረንሳይኛ» ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ለእኩል ነው። «ክላሲካል ሥልጣኔ ከፈረንሳይኛ ጋር» ከተባለ ግን መጀመሪያ የተጠራው ይበዛል፣ ሁለተኛው ያንሳል። ማመልከቻ ከመሙላት በፊት በየዓመቱ የሚሰጡትን ኮርሶች ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ስሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ይዘቱ ለየቅል የሆነ ብዙ ነውና።

ቋንቋ ያለበት ዲግሪ በእንግሊዝ ብዙውን ጊዜ አራት ዓመት ይፈጃል። ሦስተኛው ዓመት ቋንቋው በሚነገርበት አገር ያልፋል፤ ተማሪው እዚያ ወይ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ወይ በትምህርት ቤት ረዳት የቋንቋ መምህር ይሆናል፣ ወይ ይሠራል። ወላጅ «አንድ ዓመት ባከነ» ይላል። እኔ በበኩሌ ከአራቱ ዓመት አንዱን ቀንሱ ቢሉኝ ይህን አልነካም፤ ክፍል ውስጥ ለፈተና ብቻ ሲገላበጥ የኖረ ቋንቋ አፍ የሚፈታው እዚያ ነው።

አስቸጋሪው የጊዜ አያያዙ ነው። ገበሬ እንደሚያውቀው በአንድ ቀንበር ከተጠመዱ ሁለት በሬዎች አንዱ ከለገመ ትልሙ ይጣመማል። የቋንቋው ክፍል በየሳምንቱ ሰዋስው፣ ትርጉም፣ ንግግር እያለ በየጊዜው ይጠይቃል። የሥልጣኔው ክፍል ደግሞ ለሳምንታት ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና በሴሚስተሩ ማብቂያ ሁለትና ሦስት ረጃጅም ጽሑፎችን ባንዴ ይጠብቃል። ተማሪው የሚጮኽበትን እያስታመመ ዝም ያለውን ይረሳል። ሁለት ዲፓርትመንት ማለት ሁለት አስተባባሪና ሁለት የሰዓት ድልድል ማለትም ስለሆነ፣ ክፍለ ጊዜዎቹ ሲጋጩ ሮጦ የሚያስታርቀው ራሱ ተማሪው ነው።

ለምን ከዘመናዊ ቋንቋ ጋር?

አንዱ ምክንያት ሥነ ጽሑፍ ነው። ፈረንሳዊው ራሲን በ1677 ያቀረበው «ፌድር» የተሰኘ ተውኔት መነሻው የግሪኩ ተውኔት ጸሐፊ ኤውሪፒደስ በ428 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አቴንስ ላይ ያሳየው ታሪክ ነው። ጣሊያናዊው ዳንቴ በሲኦል ሲጓዝ መሪ ያደረገው የሮሙን ባለቅኔ ቨርጂልን ነው። ፈረንሳይኛ ወይም ጣሊያንኛ ብቻ የተማረ ሰው እነዚህን ሲያነብ ግማሹ ያልፈዋል።

ሁለተኛውና ብዙ የማይነገረው ምክንያት ጥናቱ ራሱ የተጻፈባቸው ቋንቋዎች ናቸው። የሮምን ታሪክ የጻፈውና በ1902 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል የተሸለመው ቴዎዶር ሞምዘን የጻፈው በጀርመንኛ ነው። ከ1892 ጀምሮ የግሪክን ጥንታዊ የቤተ መቅደስ ሥፍራ ዴልፊን የቆፈሩት ፈረንሳውያን ዘገባቸውን ያወጡት በፈረንሳይኛ ነው፤ በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው የጥንቷ የሮም ከተማ የፖምፔይ ቁፋሮ መዝገብ ደግሞ በጣሊያንኛ ሞልቷል። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በእንግሊዝኛ ብቻ መውጣት ይቻላል። ማስተርስና ዶክትሬት ላይ ግን በተለይ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ የማያነብ ተማሪ ከሌሎች ኋላ ይቀራል።

ይሄ የፈረንጅ ታሪክ አይደለም? እኛን ምን አገባን?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ደግሞ ከቀይ ባሕር ይጀምራል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. አንድ ስሙ ያልታወቀ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ወደቦቹ በጻፈው መመሪያ ውስጥ የአክሱም ወደብ የነበረችውን አዱሊስን ያነሳል። ያካባቢው ገዥ ዞስካሌስ ለገንዘቡ ሳሳ የሚል፣ በሌላው ነገር ግን መልካምና የግሪክኛ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ይመሰክራል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና የድሉን ዜና ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ በግሪክኛም፣ በግእዝም፣ በሳባ ፊደልም አስጻፈው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በእንዱቢስ የተጀመረው የአክሱም የወርቅ ገንዘብ ጽሑፉ ግሪክኛ ነው፤ ወርቁ ባሕር ይሻገር ስለነበር ነጋዴ ሁሉ የሚያነበው ፊደል አስፈለገ። ከክርስትናው በኋላ ከወጡት ትናንሽ የመዳብ ሳንቲሞች መካከል በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ምኞት የተቀረጸባቸው አሉ። ጣት ላይ የሚጠፋ ሳንቲም ነው፤ ይሁንና ንጉሥ ለሕዝቡ የተናገረው ነገር አለበት።

ነገሩ ወደ ኋላ ዞሮም ይሠራል። የግብጹ ጳጳስ የዮሐንስ ዘኒቅዩስ የታሪክ መጽሐፍ ከፍጥረት ጀምሮ በሮም ነገሥታት በኩል አልፎ ዐረቦች ግብጽን እስከ ያዙበት ይተርካል። በ415 እ.ኤ.አ. እስክንድርያ ላይ ስለተገደለችው ፈላስፋ ስለ ሂፓትያም ይናገራል፣ ለዚያውም ለገዳዮቿ አድልቶ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ከዚያ የተገለበጠው የዐረብኛውም ጠፍቷል። የተረፈው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ዞተንበርግ የተባለው ምሁር በ1883 ፓሪስ ላይ ግእዙን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳተመው፤ የአውሮፓ ምሁራንም በዚያ በኩል አነበቡት። እንግዲህ ስለ ዐረቦች የግብጽ ወረራ በዘመኑ አቅራቢያ የጻፈ ሰው ቃል የሚፈልግ የሮም ታሪክ ተመራማሪ የግድ የኛን ደብተራ እጅ ጽሑፍ ደጅ ይጠናል።

ይህ ለሰሜን ሸዋ ልጅ ምን ያደርግለታል? የግእዙ ጥናት ራሱ ከላይ በተባሉት ቋንቋዎች ተቆልፏል። ጀርመናዊው ምሁር ዲልማን በ1865 ያሳተመው ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት ፍቺው በላቲን ነው። ሊትማን የመራው የ1906ቱ የጀርመን የአክሱም ጉዞ ውጤት በ1913 የወጣው በጀርመንኛ ነው። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ አብዝቶ የጻፈው በጣሊያንኛ ነው። የብራናው አንዱ ክፍል ፓሪስ፣ አንዱ ቫቲካን፣ ከመቅደላ የተዘረፈው ደግሞ አብዛኛው ለንደን ይገኛል። መንዝ ውስጥ መጽሐፍ ቤት የዋለ ሊቅ ምሥጢሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ፈረንጁ ስለዚያው መጽሐፍ የጻፈውን ለማረም ወይም ለመመለስ ግን ቋንቋው የለውም። ጀርመንኛውን የያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድምታውን ከመምህር አፍ አልሰማም። የዚህ ጥምር ትምህርት ጥቅም ለእኛ ይህን ክፍተት መዝጋቱ ነው ባይ ነኝ።

የዘጋውን ሰው ደግሞ ይሄው አካባቢ አፍርቷል። በ1931 እ.ኤ.አ. ሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ካይሮ ተምረው ጀርመን አገር ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ በ1962 በሴማዊ ቋንቋዎች ፊሎሎጂ ዶክትሬታቸውን ያዙ። ፊሎሎጂ የሚባለው የቆዩ ጽሑፎችን ቅጂ ከቅጂ እያስተያዩ፣ ቋንቋውንና ዘመኑን እየመረመሩ ትክክለኛውን ንባብ የመፈለግ ሙያ ነው። በኋላ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ከ1973 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡትን 9,000 ገደማ የብራና መጻሕፍት ካታሎግ በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ሰጡ፤ ከመጻሕፍቱ ውስጥ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ንብረት የሆኑ ብዙ ናቸው። በ1988 በአሜሪካ ለላቀ የፈጠራ ችሎታ የሚሰጠውን የማክአርተር ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2021 አረፉ።

ቅኔ የተማረ ልጅ ምን ይዞ ይገባል?

ቅኔ ቤት ያለ ተማሪ ቀን ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ማታ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያዳምጣሉ፤ ቃሉ ካልሰመረ፣ ተሳቢው ከሳቢው ካልተስማማ አይሆንም ብለው ይመልሱታል፤ ተማሪው ነገ ሌላ ይዞ ይቀርባል። ከቀተለ፣ ከቀደሰ፣ ከገብረ፣ ከአእመረ፣ ከባረከ፣ ከሤመ፣ ከብህለና ከቆመ ሥር እየመደበ ግስ ያወርዳል። ባለቤቱ የቱ ነው፣ ተሳቢው የቱ ነው፣ ዘርፉ ከማን ጋር ይያያዛል እያለ የተበታተነውን ስንኝ ይሰበስባል።

ላቲን ሲጀመር የሚጠየቀው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ግሱ በአራት ክፍል ይመደባል። «ፑኤላ» ልጃገረድ ናት፤ ተሳቢ ስትሆን «ፑኤላም» ትባላለች፤ በግእዝ «ቤት» ተሳቢ ሲሆን «ቤተ» እንደሚለው ማለት ነው። ጀርመንኛም ባለቤትና ተሳቢን፣ ዘርፍንና ተቀባይን በአራት መልክ ይለያል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ የለንደን ተማሪ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ወራት ይፈጅበታል። የቅኔው ተማሪ ችግሩ ሌላ ጋ ነው፤ በእንግሊዝኛ ረጅም ጽሑፍ መጻፍና ከመምህር ሐሳብ ጋር በአደባባይ አለመስማማት አልተለማመደም። የኋለኛው በተለይ ይከብዳል። የኔታን «ተሳስተዋል» ማለት ነውር ሆኖ ያደገ ልጅ፣ ሴሚናር ላይ ዝም በማለቱ ነጥብ ይቀነስበታል።

ሥራስ?

«ክላሲካል ሥልጣኔ የተማረ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም አይወጣም። ሥራ የሚያስገኘው በቅድሚያ ቋንቋው ነው፦ ትርጉም፣ ማስተማር፣ ኤምባሲና ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ አስጎብኚነት። ሥልጣኔው የሚከፍተው የሙዚየም፣ የቅርስና የምርምር በር ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ማስተርስ ይጠይቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ ቤተሰብ መደገፍ ላለበት ልጅ ይህን ምረጥ አልልም።

ከደብረ ብርሃን በምን መንገድ ይደረስበታል?

የብሪታንያው መንገድ ውድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ተማሪ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይጠየቃል። እንደ ቼቨኒንግ ያለው የታወቀ የብሪታንያ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ደግሞ ለአንድ ዓመት ማስተርስ እንጂ ለመጀመሪያ ዲግሪ አይደለም። ጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣውን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ለቪዛውም ለአንድ ዓመት ኑሮ የሚበቃ 12,000 ዩሮ ገደማ በዝግ ሒሳብ፣ ማለት በየወሩ እየተቆረሰ ብቻ በሚወጣ የባንክ ሒሳብ፣ ማሳየት ያስፈልጋል። «ሁሉንም እኔ እጨርሳለሁ» የሚል ደላላ ስለዚህ ገንዘብ ቀድሞ ካልነገራችሁ ሂሳቡን ሳትከፍሉ ተነሱ።

ለብዙው ሰው የሚያዋጣው መንገድ ረዘም ይላል፦ የመጀመሪያውን ዲግሪ እዚሁ በቋንቋ፣ በሥነ ልሳን ወይም በታሪክ መያዝ፣ ጎን ለጎን አንድ የአውሮፓ ቋንቋ መማር፣ ከዚያ ወደ ማስተርስ መሻገር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊሎሎጂን በማስተርስና በዶክትሬት ያስተምራል፤ ጀርመን አገር ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ17ኛው ክፍለ ዘመኑ ጀርመናዊ የግእዝ ምሁር በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለው። ለቋንቋው አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመንኛ የሚያስተምረው የጎተ ተቋምና ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አሉ፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የክረምቱን ዕረፍት ዘመድ ቤት ተቀምጦ መማር ይቻላል። የጎተ ተቋም ከዜሮ ተነስቶ ቢ1 የሚባለውን መካከለኛ ደረጃ ለመያዝ ከ350 እስከ 650 የሚደርስ የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል ይላል። በአንድ ክረምት የሚያልቅ አይደለም፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ የጀመረ ግን ዲግሪውን ሳይጨርስ ይደርስበታል።

ማመልከቻ ላይ ደግሞ የአብነት ትምህርቱን የሚደብቅ ልጅ አለ፤ ኋላ ቀር ያስመስለኛል ብሎ ይፈራል። መጻፍ አለበት፤ የት ጉባኤ እንደዋለ፣ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ እስከ የትኛው የቅኔ ዓይነት እንደዘለቀ፣ ከመምህሩ የተሰጠው ምስክር ካለም ከነትርጉሙ። ፊሎሎጂ የሚያስተምር ፕሮፌሰር ከሌላው አመልካች ወረቀት ውስጥ የማያገኘው ይህንን ነው።